ነዋሪ የሌለው ሰፈር

የሕዝብ ቆጠራው ካርታ ላይ ሰፈራችንን ያገኘሁት መንገዱን በጣቴ እየተከተልኩ ነው። ከተማው ቢጫ ተቀብቷል፣ የገጠር መንደሮቹ አረንጓዴ። የሰሊጥ መጋዘኖቹ ካለቁ በኋላ ወደ ደቡብ በሚሄደው አቧራማ መንገድ ዳር፣ እኛ ያለንበት ቦታ ግን ቢጫም አረንጓዴም አልነበረም። ነጭ ነው። ነጭ ምን ማለት እንደሆነ አለቃዬን ጠየቅሁት። ሻዩን እያማሰለ፣ ነጭ ማለት ነዋሪ የሌለበት መሬት ነው አለኝ።

እኔ የዚያን ቀን ጠዋት እዚያ ነጭ መሬት ላይ ነው ከእንቅልፌ የነቃሁት። ፊቴን ታጥቤ፣ ከእናቴ ጋር በሽንኩርት ተጨቃጭቄ፣ ጎረቤቶቼን እንዴት አደራችሁ ብዬ ነው ወደ ሥራ የመጣሁት። ስለዚህ መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ደሜ ፈላ። እኔ ስቆጣ ድምፄ ስለሚቀጥን ሰው ያለቀስኩ ይመስለዋል፤ አለቃዬም መሰለውና ወንበር አቀረበልኝ። አልተቀመጥኩም። ቤቶቹ አይታዩም ወይ፣ በየደጁ የተሰጣው ልብስ የጂን ነው ወይ ብዬ አፋጠጥኩት።

እሱ አይቆጣም። የተተኮሰ ነጭ ጀላቢያ የሚለብስ፣ ቃሉን መዝኖ የሚናገር የገዳሪፍ ሰው ነው። ታብሌቱን ከፍቶ አሳየኝ። ቆጣሪዎቹ ሰፈራችን ገብተዋል፤ አንድም ደጅ አልዘለሉም። ሰውም አግኝተዋል። ችግሩ ያለው አንድ ጥያቄ ላይ ነው፦ «ዘወትር የሚኖሩት እዚህ ነው?» የሚለው ላይ። ቤት ለቤት ሲጠየቅ ሰው ሁሉ አይደለም ብሏል። መንገደኛ ነኝ፤ ለሰሊጥ ነው የመጣሁት፤ ሰሊጡ ሲያልቅ እሄዳለሁ። አለቃዬ ታብሌቱን ዘግቶ፣ ሰው መንገደኛ ነኝ ካለ ኗሪ ነህ ብለን አንከራከረውም አለኝ።

ቁጭ ያልኩት ያኔ ነው። መልሱን አውቀዋለሁ። ያን መልስ ለሰፈሩ ሁሉ ያስተማረችው እናቴ ናት።

ሥራው የመጣው ከጦርነቱ በኋላ ነው። ካርቱም ላይ መተኳኮስ ከተጀመረ ወዲህ ወደ ገዳሪፍ የጎረፈው ሰው ትምህርት ቤቱንና መስጊዱን ሁሉ ሞላው፤ በፊት የነበረው የሕዝብ ቁጥር ዋጋ አጣ። ስለዚህ በየማሕሊያው፣ የዚህ አገር ሰው ወረዳን እንዲህ ነው የሚለው፣ በከተማ ስንት ሰው፣ በገጠር ስንት ሰው እንደሚኖር እንደ አዲስ ይለካ ተባለ። ለወግ አልነበረም። ውሃ በዚያ ነው የሚደለደለው። ከተማ ተብሎ የተቆጠረ ሰፈር ከዋናው መስመር ቧንቧ ይቀጠልለታል። ገጠር የተባለው የእጅ ፓምፕ ወይም የዝናብ ውሃ የሚያቁር ኩሬ ይደርሰዋል። ነዋሪ የለበትም የተባለ መሬት ምንም አያገኝም፤ ለመንገደኛ ቦይ የሚቆፍር ማን አለ።

እኔን የቀጠሩኝ በምላሴ ነው። አማርኛውን ከእናቴ፣ ዓረብኛውን እዚሁ ከተማርኩበት ትምህርት ቤት፣ ትግርኛውን ከቱነይድባ አገኘሁት። የትግራይ ስደተኞች ድንበር ተሻግረው ሲመጡ እዚያ መጠለያ አስተርጓሚ ነበርኩ። እዚያ ሰው ለመቆጠር ይሽቀዳደም ነበር። ያልተቆጠረ ራሽን የለውም። ቆጣሪ ሲመጣ ባሏ እንጨት ለቀማ ሄዶባት፣ ጫማውን ይዛ «ይኸው አለ፤ ይህ ጫማው ነው» እያለች የተማጸነችኝን ሴት ዛሬም አልረሳትም። የዓለም ሰው ሁሉ መቆጠር የሚወድ መስሎኝ ነበር። ሞኝ ነበርኩ።

ማንም ቆጣሪ የራሱን ሰፈር አይቆጥርም የሚል ደንብ ስላለ፣ በመጀመሪያው ዙር እኔ የተላክሁት ወደ መፋዛ፣ የረሃድ ወንዝ ዳር ወዳሉት እርሻዎች ነበር። እዚያ ያየሁት ነገር ዛሬም ያስቀኛል። አንዱ ቦታ ወፍጮ ቤት፣ የስልክ ማማና የተደረደሩ ሱቆች አሉት፤ ሽማግሌው ግን እኛ መንደር ነን ብለው ድርቅ አሉ። ከተማ ከተባሉ ግብር እንደሚጨመርባቸው ሰምተዋል። ሌላው ቦታ ጥቂት ጎጆና አንድ የታሰረ አህያ ብቻ እያለው፣ ድሮ ፖሊስ ጣቢያ ነበረን፣ ከተማ ብላችሁ ጻፉን ብሎ ተጣላን። ሁለቱም ጋ የተጣሉት ስለ ቦታው ስም እንጂ እዚያ ስለመኖራቸው አልነበረም። ከተማ ነው ገጠር ነው የሚለው ክርክር የሚነሳው መጀመሪያ ነዋሪ ሲኖር ነው።

እኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በካሮ ነው፤ አህያ በሚጎትተው፣ በርሜል በተጫነበት ጋሪ። ክረምት ሲሆን ይሻላል። በጋው ሲገፋ ካሮ ነጂው ከየትኛው ኩሬ እንደቀዳው አይናገርም፤ እኛም አንጠይቅም፤ ውሃው የሻይ መልክ ይዞ ይመጣል። ባለፈው በጋ የእህቴ ልጅ ገና መራመድ ጀምራ ነበር። የካሮውን አህያ ትወዳለች። ከሩቅ ስታየው እጇን ዘርግታ እየተንገዳገደች ትሄድና ከመድረሷ በፊት ትወድቃለች፤ አትለቅስም፤ ተነስታ ትቀጥላለች። ሆዷን ሲይዛት በርትታ የነበረች ልጅ በአንድ ጀምበር እንደ ጨርቅ ተጣጠፈች። ሐኪም ቤት ሳንደርስ በእህቴ እቅፍ ውስጥ አለፈች።

ካርታውን ባየሁ ጊዜ እህቴ ዳግመኛ ነፍሰ ጡር ነበረች። የምትወልደው ውሃው በሚከፋበት ወር ነው። ዋናው ቧንቧ መጋዘኖቹ ጋ ደርሷል፤ ከዚያ እኛ ዘንድ ለጥ ያለ ሜዳ ነው፤ ዳገት እንኳ የለውም። ለእኔ ቆጠራ ማለት ይህ ነበር፦ ያ ሕፃን ሲወለድ የሚጠጣው ውሃ ከየት ይመጣል የሚለው ነገር። ሌላው ሁሉ የመሥሪያ ቤት ወሬ ነው።

ስለ እናቴ ትምህርት ልንገራችሁ። እናቴ ከአርማጭሆ ስትመጣ እኔን አዝላ፣ እህቴን በሆዷ ይዛ ነበር። ያኔም አሁንም እዚህ ከሻ የሚባል ነገር አለ። ፖሊስ በመኪና መጥቶ የመኖሪያ ወረቀት የሌለውን ያፍሳል። እናቴ ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጠችም፤ ግን ዓይኗ ያያል። የሚታፈሰው ማን እንደሆነ፣ የሚለቀቀው ማን እንደሆነ አየች። እዚህ ነው የምኖረው ያለውን፣ ፈቃድህ የታለ ብለው ይጭኑታል። ለሰሊጥ ነው የመጣሁት፣ አጭጄ እመለሳለሁ ያለውን ግን ይተዉታል፤ ያለ ሠራተኛ ሰሊጡ ይረግፋላ። ከዚያ በኋላ አዲስ የመጣውን ሁሉ ቁጭ አድርጋ ታስጠና ጀመር። የሚባለውን ብቻ አይደለም፤ አኗኗሩንም። የብረት በር አታቁም። ጡብ አትደርድር። ቤትህ ነገ ተነቅሎ የሚሄድ ይምሰል። በዚህ ምክር ስንት ሰው ከመኪና ላይ እንደወረደ እኔ ምስክር ነኝ።

ነገሩ ግን ከአፍ ወደ ልብ ወረደ። ጡብ የሚገዛበት አቅም ያለው ሰው በሣርና በጆንያ ቤት ያረጃል። እዚህ ተወልደው፣ እዚህ ተድረው፣ መተማን በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ልጆች ሲጠየቁ ለሰሊጥ ነው የመጣሁት ይላሉ። እናቴም ትልቅ የውሃ ማጠራቀሚያ ግዢ ስንላት፣ ስንሄድ ማን ይሸከመዋል ትለናለች። ስንሄድ! ፀጉሯ እዚህ ሸብቷል፤ ባሏን እዚህ አጥታለች። ድስት እንኳ የምትመርጠው አንስታ ክብደቱን እያየች ነው።

አለቃዬን ለመንኩት። ልመና አልችልበትም፤ እየለመንኩም የማዝዝ ነው የሚመስለው። እሱ ግን አሰበበት። ካርታው ወደ ላይ ከመላኩ በፊት ራሱ መጥቶ እንደገና እንደሚጠይቅ፣ እኔ እንደማስተረጉም ነገረኝ። ስም እንደማይጻፍ፣ ለፖሊስም እንደማይሰጥ ማለልኝ። ቆይቶ ግን ጣቱን አነሳ። «አንቺ ያስጠናሻቸውን መልስ አልጽፍም። እውነቱን ካልሰማሁ ቦታው ነጭ ይቀራል» አለኝ። ተስማማሁ። የምፈልገው እውነቱን ስለሆነ የሚከብድ አልመሰለኝም።

የጀመርኩት ከጎረቤታችን ነው። መጋዘኖቹ ጋ ጆንያ ይሸከማል፤ ሚስቱንም ያገባው፣ ልጆቹንም ያስተማረው እዚሁ ነው። ነገሩን እያስረዳሁት ጫማውን ያያል። ስጨርስ፣ «እህቴ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ያዳነኝን ቃል አንች ስላልሽኝ ልጣለው?» አለኝ። ስም እንደማይጻፍ ብነግረውም ፖሊስ የሚጭነው ሰውን እንጅ ስምን መች ነው ብሎ ቀለደብኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እቴቴ ምን አሉ ሲል ጠየቀኝ። እቴቴ የሚሏት እናቴን ነው። በየሄድኩበት ደጅ መጨረሻው ይኸው ጥያቄ ሆነ። እሳቸው ምን አሉ? እሳቸው ካሉ እኛም እንላለን። እኔ በዚያ ሰፈር ውስጥ አፍሽን ዝጊ የተባልኩ ያህል ሆኖ ተሰማኝ፤ ስንት ቋንቋ ተምሬ ቁልፉ እናቴ እጅ ላይ ነው።

እናቴ ድንች ትልጥ ነበር። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ከካርታው እስከ ቧንቧው ነገርኳት። አቋርጣኝ አታውቅም፤ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ የላጠችውን ድንች ውሃ ውስጥ ጣለችና፣ ውሃው ለዛሬ ይበቃናል ወይ አለችኝ።

«እማ፣ ስለሱ እኮ ነው የማወራሽ።»

«ሰማሁ። ስም አይጻፍም አልሽኝ። ዛሬ አይጻፍም።»

«ለነገ ብለን ዛሬ ይህን እንጠጣ?»

ቢላዋውን አስቀመጠች። እናቴ እኔ ፊት ስታለቅስ ያየኋት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያን ዕለትም አላለቀሰችም። ፊቷ ግን ሌላ ሆነ።

«አገር አለኝ» አለች። «ቤት አለኝ፤ ዘግቸው ነው የመጣሁ። እዚህ ነው የምኖር ካልሁኝ፣ እዚያ ማን ነው የሚኖር?»

ቤቱ ከፈረሰ ስንት ክረምት እንዳለፈው ከአገር የመጣ ዘመድ ነግሮናል፤ እሷም ሰምታለች። የእናቴ ቤት ግን ስትዘጋው እንደነበረው ነው የቆመው። ያን የምታፈርሺ አንች ሁኝ ያለችኝ መሰለኝና ሆዴ ባባ። ስለባባም ተቆጣሁ፤ እንዲያ ነው ተፈጥሮዬ። ድንቹን ጥዬላት ወጣሁ።

እህቴ ውጭ የካሮውን ውሃ በነጠላ ጫፍ ታጠላለች። ሁሉን ሰምታለች። እሷ እንደ እኔ አትጮኽም፤ ልጇ ከሞተች ወዲህማ ቃል የምታወጣው በመቆጠብ ነው። ውሃውን አጥልላ ጨረሰችና እማን ተያት፣ እኔ እሄዳለሁ አለችኝ። ሆዷን ደግፋ በየቤቱ ዞረች። ምን እንደምትል ሰምቻለሁ፤ አጠገቧ ነበርኩ። ቧንቧም ካርታም አላነሳችም። ነገ ሲጠይቁኝ እዚህ ነው የምኖረው ልል ነው፤ መኪናው ከመጣ መጀመሪያ የሚጭነው እኔን ነው፤ ከዚያ በኋላ እናንተ የፈለጋችሁትን በሉ። ይህን ብቻ ብላ ቀጣዩ ደጅ ትሄዳለች። ያቺን ልጅ ያልቀበረ የሰፈር ሰው አልነበረም። ጆንያ ተሸካሚው ጎረቤታችን እሷ ስትወጣ ተነስቶ ቆመ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የሰፈሩ መልስ ተገለበጠ። እንዲያውም ከመጠን በላይ ተገለበጠ። ከእኛ ቤቶች ጀርባ ራኩባ፣ ማለትም የሣር ዳስ አለ፤ ወደ ሰሜን የሚሻገሩበትን መንገድ የሚጠብቁ ወጣቶች የቀን ሥራ እየሠሩ ያድሩበታል። እነሱ በእውነት መንገደኞች ናቸው። ነገሩን ሰምተው ተሰበሰቡና እኛም እዚህ ነው የምንኖረው እንላለን አሉኝ። አንዱ ጢሙ ገና ያልበቀለ ልጅ አሥር ዓመት ኖሬያለሁ እላለሁ ብሎ ፎከረ። ለእናንተ ብለን ነው እኮ ሲሉኝ፣ ለእኛ ብላችሁ እውነቱን ተናገሩ ብዬ ጮኽኩባቸው። እሽ እሽ አሉ። ፊታቸውን ሳየው ግን እሽታቸው እሽታ አይመስልም ነበር።

አልነበረምም። አለቃዬ በማግስቱ ጠዋት መጥቶ ሲጠይቅ ሰፈሩ በአንድ አፍ መለሰ። ጎረቤታችን እዚህ ነው የምኖረው አለ። ሚስቱም አለች። እህቴ በራችን ላይ ቆማ፣ ዓይኑን እያየች አለች። ቀጥሎ የራኩባው ልጆች መጡ፤ ያ ጢም የሌለው አሥር ዓመቱን አፉን ሞልቶ ተናገረ። እንዳስተረጉም አለቃዬ ወደ እኔ ዞረ። አስተረጎምኩ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ፤ ጆሮዬ ግን ጋለ። አለቃዬ ልጁን ከላይ እስከ ታች አየውና ታብሌቱን ዘጋ።

«በቀደም ሁላችሁም መንገደኞች ነበራችሁ» አለ፤ ለእኔ ብቻ አይደለም፤ ለተሰበሰበው ሁሉ ነው። «ዛሬ ሁላችሁም ነዋሪዎች ናችሁ። የትኛውን ነው የማምነው?»

እኔ እንዳልናገር አስቀድሞ አስሮኛል። እህቴን አየኋት፤ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ መሬት መሬት ታያለች። አለቃዬ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ያዘነ ነው የሚመስለው። ግን ሲያዝንም ሕጉን የሚለቅ ሰው አይደለም። ወደ መኪናው መሄድ ጀመረ። ሰፈራችን ካርታው ላይ ነጭ ሊቀር ነው፣ በጋውም እየመጣ ነው።

«ያ ኡስታዝ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

እናቴ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ባለሥልጣን ሲመጣ ጓዳ የምትገባው እናቴ፣ ደጇ ላይ ቆማ በራሷ አፍ ጠራችው። እሱም ዞሮ እዚህ አሮጊት በሚከበርበት ቃል አይዋ ያ ሓጃ፣ አቤት ሐጅ ያደረግሽ እናት እንደማለት፣ አላት። ግንባሯ ላይ መስቀል የተነቀሰች እናቴ ሓጃ ስትባል ሌላ ጊዜ ሳቄ ይመጣል። ነጠላዋን አጣፋች፤ ተከተለኝ የሚል ምልክት አሳየችውና ከመጨረሻው ቤት ባሻገር ወዳሉት ግራሮች መራመድ ጀመረች። ወዴት እንደምትሄድ ሰፈሩ ሁሉ ስላወቀ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። የተከተልናት አለቃዬና እኔ ነን። እህቴም መጣች፤ ግን ወደኋላ ቀረት ብላ።

መቃብራችን አጥር የለውም። ድንጋይ የተከመረባቸው ጉብታዎች፣ አንዳንዱ ላይ የእንጨት መስቀል፣ ከዚያ ወዲያ የሙስሊም ጎረቤቶቻችን መቃብር። እናቴ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደች እጇን ዘርግታ ትናገራለች፤ እኔ ወደ ዓረብኛ እመልሳለሁ። ይህ ከእኔ ጋር ከአርማጭሆ የመጣ ነው፤ ድንጋዩ ከላይ ጠቁሯል፤ አሮጌ ነው። ይህች በወሊድ የሞተች ናት። ይህ መጋዘን ውስጥ ጆንያ የተናደበት ነው። ይህ የዚህች አባት ነው አለችና በአገጯ ወደ እኔ አመለከተች። እናቴ የባሏን መቃብር እያሳየች፣ ይህ አባቴ ነው ብዬ ለአለቃዬ ማስተርጎም እንደ ሥራ አልሆነልኝም፤ ድምፄ ቀጠነ። የዚያን ጊዜ ግን የተቆጣሁ አይመስለኝም።

መጨረሻ ትንሿ ጋ ደረሰች። አፈሩ ገና አልጠቆረም። እናቴ ይህች ማን እንደሆነች አልተናገረችም። አለቃዬም አልጠየቀም። ወደኋላ ዞሮ እህቴን አየ፣ የገፋ ሆዷን አየ፣ ከዚያ ሁለት መዳፉን ወደ ላይ ከፍቶ ለሙታን የሚባለውን ጸሎት፣ ፋትሃን ቀራ። ሲጨርስ ፊቱን በመዳፎቹ አበሰ።

«ንገሪው» አለችኝ እናቴ፤ የገበያ ዓረብኛ ታውቃለች፤ ይህን ግን በእሱ መናገር አልፈለገችም። «መንገደኛ ይህን ሁሉ ሰው ይቀብራል ወይ በይው። ፈርተን ነው ያን ያልን። እዚህ ነው የምንኖር በይው።»

ለስንት ሰው ስንት ነገር አስተርጉሜያለሁ። ራሽን፣ ሕመም፣ ክስ፣ ፍቺ። ዓረብኛ ከፊደሉ ጀምሬ እዚህ አገር ትምህርት ቤት ነው የተማርኩት፤ በዚያ ቋንቋ ይህን አንድ ነገር ግን ተናግሬው አላውቅም ነበር። ንሕና ሳክኒን ሂና። እዚህ ነው የምንኖረው። የእናቴን ቃል እያደረስኩ መስሎኝ ጀመርኩት፤ ከአፌ ሲወጣ የራሴ ሆኖ አገኘሁት።

አለቃዬ ወደ ሰፈሩ ተመልሶ ከመጀመሪያው ደጅ ጀምሮ እንደገና ጠየቀ። የራኩባው ልጆች ራሳቸው እየሳቁ መንገደኛ ነን ብለው አስመዘገቡ፤ ባለ አሥር ዓመቱም አንገቱን ሰብሮ ከመጣ ገና ወር እንዳልሞላው አመነ። ካርታው ላይ ቢጫ ሆንን። ይህን ስጽፍ ቦዩ ከመጋዘኖቹ ተነስቶ እኛ ደጅ ሊደርስ የቀረው ጥቂት ነው፤ እኔም በየጠዋቱ ሄጄ ቆፋሪዎቹን እጨቀጭቃለሁ፤ ጥለውን እንዳይሄዱ ሻይ የምትወስድላቸው የጎረቤታችን ሚስት ናት።

የመጀመሪያው የተቆጠረ ቤት የእናቴ ነው። እዚያው መቃብሩ ዳር እንደቆመ ታብሌቱን ከፈተና በቤትሽ ስንት ሰው ይኖራል ብሎ ጠየቃት። እናቴ ሰው መቁጠር አትወድም፤ ዓይን ይበላል ትላለች። የዚያን ቀን ግን እኔን፣ እህቴን፣ እርሻ ላይ የዋለውን የእህቴን ባል፣ ራሷን ጠራች። ከዚያ ወደ እህቴ ሆድ አመለከተች። አለቃዬ አይሆንም በሚል አንገቱን ነቀነቀ። በሕጉ የሞተ አይቆጠርም፣ ያልተወለደም አይቆጠርም፤ ይህን ራሱ ለእናቴ ለመናገር ከበደውና እኔን አየኝ። ነገርኳት።

እናቴ ወደ ትንሿ መቃብር ጎንበስ ብላ አንዲት የተንከባለለች ድንጋይ ወደ ቦታዋ መለሰች።

«እንግዲያው እግዜር ካለ፣ ልጁ ሲወለድ ተመልሶ መጥቶ ይቁጠር በይው» አለችኝ። «እዚሁ ያገኘናል።»